ማንም ያልነካው ማሳ

ማርቆስን ክፉ ሰው ነው ብየ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰርክ ገና ድሮ በሸሸችው፣ እኔም ከባጃጄ ባወረድሁት። ማርቆስ ጨዋ ልጅ ነው። ሲሳፈር ሰላምታ አይነፍግም፤ አሮጊት ካየ ቦታውን ይለቃል። አንገቱ ላይ በአረንጓዴ ገመድ ባጅ ያንጠለጥላል፤ ባጁ ላይ «የአቻ አማካሪ» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ባጅ ባየሁ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

እኔ እንግዳው ነኝ። ወረታ ላይ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያይበት መገንጠያ ባጃጅ እነዳለሁ። የተወለድሁት ግን ከሐሙሲት ወዲህ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ካለው ሜዳ ነው፤ እናቴ ትሁን ዛሬም እዚያው ሩዟን እየዘራች ትኖራለች። እኔም ዲግሪ አለኝ። የሒሳብ አያያዝ ዲግሪ። በላስቲክ ተጠቅልሎ ከባጃጁ ወንበር ሥር ተኝቷል፣ ትራፊክ ከሰጠኝ የቅጣት ወረቀት ጋር። ስለ ተማረ ሰው ክፉ ስናገር ቀንቶ ነው አትበሉኝ። ቀንቼም ቢሆን እውነቴን ነው።

ሰርክ የጎረቤታችን የቄስ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናት። ማሳችን ከማሳቸው ይዋሰናል። አባ የደብራችን የማርያም ካህን ናቸው፤ የሜዳው ግማሽ ሰው የንስሐ ልጃቸው ነው፣ እናቴም እንዲሁ። ከሰርክ ሌላ ልጅ አልተረፈላቸውም። እሷ ደግሞ ጎበዝ ናት፤ ወረታ ኮሌጅ ገብታ ስለ ሰብል ትማራለች። ዲግሪ ብቻውን ሰውን የት እንደሚያደርስ ግን እኔን አይታ ታውቃለች። አንድ ቀን ከኋላየ ተቀምጣ፣ «እንግዳው፣ እንዳንተ መቅረትን እኮ ነው የምፈራው» አለችኝ። አልተቀየምኋትም። ማለቴ ተቀይሜአለሁ፣ ግን ዝም ብየ ነዳሁ።

ከዚህ የሚያድናት አንድ በር ብቻ ነበር፤ ምርምር። ተማሪ ሳለ ከመምህራን ጥናት የገባ ልጅ ሲመረቅ አይወድቅም። ስሙን የሚያውቅለት ሰው አለው፤ የቀናው ደግሞ እዚያው ይቀራል። ችግሩ በሩ የት እንዳለ የገበሬ ልጅ አያውቅም፤ የከተማ ልጅ ግን አጎቱ ይነግረዋል። የአቻ አማካሪ የሚባሉት የተመረጡት ለዚህ ነው። ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ ተማሪዎች ናቸው፤ የትኛው መምህር ምን እያጠና እንደሆነ፣ የማንን በር ማንኳኳት እንደሚበጅ፣ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ለታናናሾቻቸው ያሳያሉ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። በእኔ ጊዜ ይህ ነገር በነበረ ብየ ስንቴ አስቤአለሁ።

ማርቆስ ለሰርክ ደከመላት። ማመልከቻዋን እየቀደደ ደጋግሞ አስጻፋት። ሰው ፊት ስትናገር መሬት መሬት የማየት ልማዷን አስተዋት። ግማሹን ያስተማራት እኔ ባጃጅ ውስጥ ነው፤ ዶክተር ሲጠይቅሽ አትሽኮርመሚ፣ የማታውቂውን አላውቅም በይ፣ የተናገርሽውን ቃል አትጠፊ እያለ። እኔም ወደ ፊት እያየሁ፣ ይህስ ወንድም ነው እል ነበር።

ዶክተር የተባለው ዶክተር ውባየሁ ነው። የሚያጠናው አረም ሩዝን ምን ያህል እንደሚጎዳ ነው። ለዚህም የገበሬ ማሳ ይፈልጋል። የማሳው ሩብ ከዘር እስከ አጨዳ ሳይታረም ይቆያል፣ ቀሪው እንደ ወትሮው ይታረማል፣ ከዚያ ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ያልታረመውን «ማነጻጸሪያ» ይሉታል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ለእኛ ሰው ግን ሩዝህን አትረም ማለት ልብስህን አውልቀህ ገበያ ግባ ማለት ነው። ሜዳችን ገላጣ ነው፤ የሰው ማሳ ከሩቅ ይታያል። ማሳውን አረም የበላው ሰው ወይ ራሱ ሰነፍ ነው፣ ወይ ሚስቱ ሰነፍ ናት፣ ወይ እርግማን አለበት። ዶክተሩ የጠየቃቸው ገበሬዎች ሁሉ ስቀው ሸኙት።

ማርቆስ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከሰኔ መባቻ በፊት ከመገንጠያው አሳፍሬያቸው ስሄድ፣ ዶክተሩ የሚያስገባው ማሳ ይዞ የመጣ ተማሪን ብቻ መሆኑን ነገራት። ያ ሁሉ የተደከመበት ማመልከቻ ለካ ለይስሙላ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባትሽ መሬት አላቸው አይደል?»

ሰርክ የመንገዱን ጉድጓድ አልፈን አስፋልቱን ስንይዝ ነው አላቸው ያለችው።

እቤት የሆነውን ኋላ የሰማሁት ከእናቷ ከእማዋይሽ ነው። አባ መጀመሪያ ልጃቸው የምትቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ያለቀሰችው እማዋይሽ ናት፤ በስተርጅናየ ሰነፍ ልባል ነው ወይ ብላ። አባ ግን ልጃቸውን ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም። ለትምህርቷ ከሆነ ሩቡ ይቅር፣ አረም በላን እንጅ ጅብ አልበላን አሉ። ማርቆስ ደግሞ አንድ ምክር ጨመረ፤ ለጎረቤት አይነገር። ከተነገረ ሰው ይመጣል፣ ያሾፋል፣ ከብት ይለቃል፣ ጥናቱ ይበላሻል። አባም እሺ አሉ። ዶክተሩ መጥቶ ከማሳው ጥግ ታፔላ ተከለ። ታፔላ ለእኛ ምንም አይነግረንም። በሜዳችን ከሽመላው ታፔላው ይበዛል፤ የሚያነበው የለም፣ ላም ትታከክበታለች።

ሐምሌ ገባ፣ ውኃው ሞላ፣ አረሙ ወጣ። የአባ ሩብ ማሳ ከሩቅ ፀጉሩን ያልተላጨ ለቅሶኛ መሰለ። ሰው ማውራት ጀመረ። ባየህ የሚባል ምላሱ የማያርፍ ጎረቤት አለን፤ አባ ሩዙን ትተው ለጥጃ ግጦሽ ያዙ ወይ እያለ ቀለደ። ሌላው እማዋይሽ ተኛች አለ። አባ እየሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። በዚያ ክረምት ሳል ይዟቸው ነበር፤ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። እናቴ ይህንና ያንን ገጣጠመችና ነገሩ ገባኝ አለች። ምንም አልገባትም ነበር።

«አባ ታመዋል» አለችን። «አፍረው ነው እንጅ ማሳቸውን እንዲህ የሚተው ሰው አይደሉም። ካህን ደግሞ እረሙልኝ ብሎ አይለምንም።»

በእኛ ደብር ለካህን የሚወጣ ደቦ ሳይጠራ ነው የሚወጣ። ካህኑ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ይሠራል፣ ሳይወጡ ያልቃል፣ ማን ሠራው አይባልም። እሳቸውም አይጠይቁም፤ በልባቸው መርቀው ያልፋሉ። የቆየ ልማድ ነው፣ የሚያምር ልማድ ነው። ያን ቀን ግን ባልነበረ።

ፍልሰታ ነበር። አባ ሌሊት ማሕሌት ቆመው ቀን ቅዳሴ ይገባሉ። እናቴ ጎረቤቶቻችንን፣ እነሰገንንና እነገላነሽን ሰብስባ ወረደች፤ የማርያምን ቅዳሴ ትተን የማርያምን አገልጋይ ማሳ ብናርም እሷ አትቆጣንም አለቻቸው። እኔም ባጃጁን አቁሜ ተከተልሁ። ሁሉም ጾመኛ ነው፤ ውኃ እንኳ በአፉ ያልዞረ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። አልቅት እግራችንን ይዞ ነበር፤ የእናቴን ቅልጥም የያዘው እንቢ ብሎ ስትነቅለው ደሙ እየወረደ ወደ ቤት ሄደች። ከሥሩ ነው ያረምነው። አንዲት ቅጠል አልተውንም። ቅዳሴው ሲወጣ ማሳው ተላጭቶ ነበር፤ እኛም በየቤታችን እግራችንን ታጥበን የማናውቅ መስለን ተቀምጠናል።

ቅዳሜ ሰርክን ከወረታ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ደስ ይበላት ብየ ሳልነግራት ነዳሁ። ከመንገዱ ስትወርድ ማሳው ታያት። መጀመሪያ ቆመች። ከዚያ በድንበሩ ላይ እየሮጠች ሄዳ ከታፔላው ሥር በጥሩ ቀሚሷ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን የሞተ ሰው ፊት ሆነ። እናቴ ከማዶ አይታት እየሳቀች መጣች፣ ትከሻዋን ሳመቻት፣ ደስ አላለሽም ወይ አለቻት። ልጅቱ ምን ትበል? እግዜር ይስጥልኝ እማማ አለቻት።

ከማሳው ወደ ባጃጁ ስንመለስ ውስጡ ተቀምጣ፣ ድምፁን ከፍታ ለማርቆስ ደወለች። ማሳ መፈለጉን እንጅ ሳይታረም መቆየት እንዳለበት አላውቅም ነበር፤ ያኔ ነው እኔም ነገሩን የሰማሁት። ማነጻጸሪያው፣ ምስጢሩ፣ ሁሉም። ማርቆስ አልተቆጣም፤ ቁጣ አያውቅም። ማን እንዳየ ጠየቃት። ዶክተሩ ገና አላየም አለችው። ለዶክተር እውነቱን ብነግረውስ አለችው። ብትነግሪው ከጥናቱ ትወጫለሽ አላት። ትንሽ አሰበና የአማካሪ ምክሩን ሰጠ።

«መልሰሽ ትከይዋ።»

የተሳፋሪ ወሬ ከባጃጅ አይወርድም፤ የሙያችን ሕግ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም አልሁ።

በማግስቱ እሑድ ነው። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ የካህን ሚስትና የካህን ልጅ ከየቦዩ ዳር አረም እየነቀሉ ሩዙ መካከል ተከሉ። በፍልሰታ፣ በሰንበት። እማዋይሽ እየተከለች፣ ይህን ከምሠራ ዓይኔ ቢጠፋ ስትል እንደዋለች ኋላ ለእኔ ነግራኛለች። አባ ከቅዳሴ ሲመለሱ የሁለቱን እግር ጭቃ አዩ። ምንም አልጠየቁም። የሚጾመውን ጾመው፣ የሚበላውን በልተው ተኙ። የተተከለው አረም ደግሞ ግማሹ ጠወለገ። ሳትፈልገው የሚበቅል ነገር ተንከባክበህ ስትተክለው ይሞታል።

እናቴ አረሙን እንደገና ስታይ አልገረማትም። አረም ነው ይመለሳል ብላ ደግማ ሴቶቹን ልትሰበስብ ተነሣች። አባ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ፣ ወደ ማሳየ ሰው እንዳይሄድ ብለው ተናገሩ። ሴቶቹ ቅር አላቸው። ሳይጠሩን በመሄዳችን ተቆጡ እንጅ ሌላ ምን አደረግን ተባባሉ። እናቴ፣ የታመመ ሰው ይነጫነጫል ብላ አለፈችው።

ጥቅምት ላይ፣ ሩዙ ራሱን ሲደፋ፣ የመስክ ቀን ተባለ። እንግዶች በመኪና መጡ፣ ከአባ ማሳ ዳር ድንኳን ተተከለ፣ ገበሬው ሁሉ ተጠራ። እኔ ለስላሳ መጠጥ ጭኜ ማልጄ ደረስሁ። ሳጥኑን በአባ ጓሮ ሳወርድ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ። ሰርክ ናት። ብቅ ብየ ሳይ አባቷ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፣ እሷ ጉልበታቸውን ይዛ ተንበርክካለች።

«አንዲት ቃል ናት አባ» ትላለች።

«ማን እንዳረመው አውቃለሁ እኮ ልጀ» አሉ አባ። «ንስሐ ልጆቼ ናቸው። ከፊቴ ነው የሚቀመጡ።»

«ካላሉልኝ ሰው አልሆንም። ከእንግዲህ ሰው አልሆንም። እንግዳውን አያዩትም?»

አባ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት። ከዚያ ተነሥተው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። እኔ ሳጥኑን አቅፌ ቀረሁ። እንግዳውን አያዩትም ስትል የሰማሁት ነገር እስካሁን ጆሮየ ውስጥ አለ።

ዶክተር ውባየሁ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከማሳው ፊት ቆመ። ማርቆስ ባጁን አንጠልጥሎ ከጎኑ ነው። ስለ አረም ብዙ ተናገረ። ሩዙን ያየ ገበሬ ግን ሌላ ነገር ያያል፤ ያልታረመ የተባለው ሩብ ከታረመው እኩል ዘለላ ጥሏል። አረም በልቶት የሚያውቅ ሰው ይህን ለማወቅ ኮሌጅ አይገባም። ባየህ እንኳ አፉን ይዟል። ዶክተሩ ወደ አባ ዞረና ማጉያውን አስጠጋላቸው።

«አባታችን፣ ይህች ክፍል ከተዘራች ጀምሮ የሰው እጅ ነክቷታል?»

እናቴ ከሴቶቹ ጋር ከፊት ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ጥያቄውን ስትሰማ ምን አደረገች መሰላችሁ? ነጠላዋን አስተካከለች። ሊመሰገኑ ነው መሰላት። ሳይነገር የሚቀር ነገር እንግዳ ስለመጣ ሊነገር ነው ብላ፣ አፍራም ደስ ብሏትም ቀና አለች። አባም አዩዋት።

«ማንም አልነካትም» አሉ።

ዶክተሩ፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ አላቸው።

«ማንም።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከገበሬው አንድ እጅ አላጨበጨበም። እናቴ ቀስ ብላ አቀረቀረችና ቅልጥሟን ዳሰሰች፤ አልቅቱ የያዘበት ቦታ ጠባሳው ገና አልጠፋም። ሰርክ ከድንኳኑ ምሰሶ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ለስላሳው ተከፈተ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ነገሩ ሁሉ በሰላም አለቀ።

እንግዶቹ ሲበተኑ ዶክተሩ መኪናው ጋ ሰርክን ጠራት። እኔ ባጃጄ ላይ ተቀምጬ ማርቆስን እጠብቃለሁ፤ ከእነሱ አልርቅም። ሰርክ የምትመሰገን መስሏት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ዶክተሩ አልጮኸም። ያንቺ ማሳ እኮ ከጥናቱ ከወጣ ቆየ አላት። ማርቆስ ማሳው በታረመበት ሳምንት ነግሮኛል፤ ኃላፊነት ይሰማዋል፣ ጥሩ ልጅ ነው አላት። ሰርክ ማርቆስን አየችው። ማርቆስም አልሸሸም፤ በሐዘን አያት። ቢታወቅ ያቀረብኋት እኔ ነኝና ስሜ ይጠፋል፣ የእኔም ምረቃ አለ አለ፤ እንደሚመክር ሰው ለስለስ አድርጎ።

«ታዲያ አባቴን ለምን ጠየቋቸው?» አለች ሰርክ።

«ገበሬ ለአጥኚ የሚሰጠውን ቃል ምን ያህል ማመን እንደሚቻል ለማየት ነው» አለ ዶክተሩ። «ካህን መሆናቸው ደግሞ ጥሩ ምሳሌ ያደርጋቸዋል። አሁን በእርግጠኝነት መጻፍ እችላለሁ።»

የመኪናውን በር ዘጋና ሄደ። ሞተር አስነሥቼ በባጃጅ ልገጨው አሰብሁ፤ እውነቴን ነው፣ አሰብሁ። ማርቆስን ግን ወረታ አደረስሁት። ሲወርድ እግዜር ይስጥህ አለኝ።

ሰርክ ለአባቷ አልነገረቻቸውም። ነፍሳቸውን የሰጡባት ቃል ለከንቱ እንደሆነች አያውቁም። እኔም ለሰው አልተነፈስሁም። ለእናቴ ብቻ፣ ለልጃቸው ብለው ነው እማ፣ አትቀየሚያቸው አልኋት።

«ለልጅ መዋሸት እኔም አውቃለሁ» አለችኝ። «ዓይኔን እያዩ ነው ያሉት፣ እንግዳው። ዓይኔን እያዩ።»

ከዚያ ወዲህ የአባ ደጅ ጭር አለ። ንስሐ የሚገባ ሰው ወደ ሌላ ካህን መሄድ ጀመረ። መሸኛ እንኳ የሚጠይቅ የለም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄድ። አባም ማንንም ለምን አላሉም። ባየህ፣ የአባን ኃጢአት ማን ይናዝዝ ይሆን እያለ ጠላ ቤት ይቀልዳል፤ ሰውም ይስቃል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ኅዳር ደረሰ፣ ሩዙ ቢጫ ሆነ። አጨዳ ለብቻ አይገፋም፤ ሩዝ ከዘገየ ይረግፋል፣ ወፍም ይጨርሰዋል። እማዋይሽ ጠላ ጠመቀች፣ ንፍሮ ቀቀለች፣ ቤት ለቤት ዞራ ደቦ ጠራች። ሁሉም እሺ አላት፤ በእኛ ሀገር ደቦ ለጠራ ሰው እምቢ አይባልም። ቀኑ ሲደርስ የመጣ የለም። ሰርክ ከኮሌጅ መጥታ ከእናቷና ከአባቷ ጋር ከማለዳ ጀምሮ ታጭዳለች። አባ ጉልበታቸው እንቢ ብሎ እየተቀመጡ ነው የሚያጭዱ። እኔ በማሳችን ድንበር ቆሜ አያለሁ፤ እናቴ ከቤት አልወጣችም፤ እሷን ጥሼ መሄድ አልሆነልኝም።

ፀሐይ ከረር ሲል ሴቶቹ መጡ። እናቴ ከፊት፣ ሰገንና ገላነሽ ከኋላ፣ ሁሉም ማጭድ ይዘዋል። እማዋይሽ እልል ልትል አፏን ከፈተች። እነሱ ግን እሷን አልፈው ቀጥ ብለው ወደዚያች ሩብ፣ ወደ ታፔላው ሄዱ። ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ። ደቦ ያለ ዘፈን አይታጨድም፤ አጫጁ ይቀበላል፣ ያዜማል፣ ይፎክራል። ያን ቀን የማጭድ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔም ሄጄ ገባሁ። ያረምነውን አጨድን፣ ነዶውን አሰርን፣ ከታፔላው ሥር ከመርን። ከሩቡ አልፎ አንዲት ዘለላ የነካ የለም፤ የአባ ቀሪ ማሳ እንዳለ ቆሞ ይረግፋል።

እማዋይሽ ጠላ ቀድታ መጣች። እናቴ ዋንጫውን አላየችውም። እጇን በቦዩ ውኃ ታጠበች፤ ሌሎቹም ታጠቡ። የደቦ ጠላ ሳይቀምሱ መሄድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳው አልችልም። ለቅሶ ደርሶ ሬሳውን ረግጦ እንደ መመለስ ነው። አባ ከተቀመጡበት በማጭዳቸው ተደግፈው ተነሡ። እናቴ ከፊታቸው ቆመች፤ አልተሳለመችም፣ ግን እርስዎ ማለትን አልተወችም።

«አባ፣ ያ ዶክተር ተመልሶ ማን አጨደው ቢልዎ፣ ማንም አላጨደውም ይበሉት።»

ሴቶቹን አስከትላ ሄደች። አባ ከነዶው ክምር አጠገብ ቀሩ። እማዋይሽ ያልተነካውን ጠላ ሩዙ ላይ ደፋችው።

በዚህ መካከል የሰርክ ስልክ ጮኸ። እጇ ጭቃ ስለሆነ በጣቷ ጫፍ ነክታ ድምፁን ከፈተችው። ማርቆስ ነው። እንደ ወትሮው ለስለስ ያለ ነው፤ ደኅና ነሽ ወይ፣ ሳልደውል ቆየሁ፣ አልተውሁሽም እኮ አላት። አዲስ እድል አግኝቶላታል። ዶክተሩ የገበሬ ቃል እንዴት እንደሚመዘን አዲስ ጥናት ጀምሯል፤ ሜዳውን የሚያውቅ፣ ሰው ቤት የሚያስገባው ተማሪ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ምሳሌ ያንቺ አባት ስለሆኑ ካንቺ የሚቀርብ የለም አላት። ይህንን የያዘች ስትመረቅ ኮሌጁ ይቀጥራታል፤ ቃል ገብቶልኛል አላት።

ሰርክ አባቷን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ በላብ የራሰ ሸሚዜን፣ ማጭዴን፣ ከመንገድ ዳር የቆመች ባጃጄን። ረጅም ጊዜ ነው ያየችኝ። ምን እያየች እንደሆነ አውቃለሁ።

«እሺ» አለችው። «እሠራለሁ።»

ስልኩን ዘጋችና ማጭዷን አነሣች። አባ ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል፤ ከክምሩ ማዶ ሆነው ማን ነው ልጀ አሏት።

«ማንም አይደለም አባ» አለቻቸው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ማጨዷን ቀጠለች።